የቤዝቦል ጨዋታ ካርዶች ለ30ዎቹ ቡድኖች በእኩል ደርሰዋል? ቆጥሮ የመፈተሻ ዝርዝር መመሪያ

የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ፣ የዋሽንግተን ናሽናልስን ኮፍያ ከራሱ የማያወርድ ልጅ ነው። «ኤምኤልቢ ዘ ሾው» የተባለውን የቤዝቦል ቪዲዮ ጨዋታ በተጫወተ ቁጥር አንድ አቤቱታ ያሰማል፦ «አጎቴ፣ አዲስ ካርድ ሲያወጡ ሁልጊዜ ለያንኪስና ለዶጀርስ ነው፤ የእኛን ቡድን ረስተውታል።» ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም። የሲያትልም፣ የፒትስበርግም፣ የታምፓም ደጋፊ ተመሳሳይ ቅሬታ አለው። አንድ ቅዳሜ ግን «ተበደልኩ የሚል ሰው ማስረጃ ይዞ ይቅረብ፤ ና እንቁጠር» አልኩት። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከዚያ ቆጠራ በኋላ ነው። ኮምፒውተርና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ያለው ማንኛውም ሰው ሊከተለው ይችላል።

ለጨዋታው አዲስ ለሆኑ ጥቂት ማብራሪያ ላስቀድም። ጨዋታውን የሚሠራው የሶኒ አካል የሆነው ሳን ዲዬጎ ስቱዲዮ ነው። «ዳይመንድ ዳይነስቲ» በተባለው ክፍሉ ውስጥ ሰው ካርድ እየሰበሰበ፣ እየገዛና እየሸጠ የራሱን ቡድን ያዋቅራል። እያንዳንዱ ካርድ አንድን እውነተኛ የቤዝቦል ተጫዋች የሚወክል ሲሆን የቡድን ስም፣ የመጫወቻ ቦታና አጠቃላይ የብቃት ነጥብ አለው። ነጥቡ 85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዳይመንድ፣ ከ80 እስከ 84 ከሆነ ወርቅ፣ ከ75 እስከ 79 ከሆነ ብር፣ ከ65 እስከ 74 ከሆነ ነሐስ ይባላል። ከዚያ በታች ያለው ተራ ካርድ ነው።

1. የሚቆጠረውን መለየት

ብዙ ክርክር ገና ሳይጀመር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ቡድኔ ካርድ የለውም» የሚል ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። የቡድኑን ስም የያዙት ካርዶች ቁጥር ከሌሎቹ ያንሳል ማለቱ ሊሆን ይችላል። ወይም ካርዶቹ በቁጥር ብዙ ቢሆኑም የሁለትና የሦስት ተጫዋቾች መደጋገሚያ ናቸው ማለቱ ነው። ወይም ደግሞ በዚህ ቡድን ካርዶች ብቻ የረባ አሰላለፍ መሥራት አልቻልኩም ማለቱ ነው።

የሦስቱ መልስ አንድ አይደለም። አንድ ቡድን በካርድ ብዛት ከአምስቱ አንደኞች ውስጥ ሆኖ ደህና ካቸር (የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ላይኖረው ይችላል። በካርድ ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያለ ቡድን ደግሞ በየቦታው አንድ ጥሩ ሰው ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሦስተኛው ነው፤ በአንድ ቡድን ካርዶች ብቻ መጫወት የሚወድ ሰው እውነተኛ ችግሩ እሱ ነውና። ወደዚያ ለመድረስ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማለፍ ያስፈልጋል።

2. ዝርዝሩን ማግኘት

ካርዶቹን ከስክሪን ላይ አንድ በአንድ መገልበጥ አያስፈልግም። የጨዋታው ድረ ገጽ የካርዶቹን ሙሉ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። አንዱ መንገድ በድረ ገጹ ላይ ካርዶቹን በቡድን እያጣሩ ማየት ነው። ሌላው መንገድ «ኤፒአይ» በተባለው በር በኩል መረጃውን ገጽ በገጽ በ«ጄሰን» ቅርጽ ማውረድ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ የሚያውቅ ወዳጅ ወይም ልጅ ካለዎት ይህን ሥራ በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ከሌለዎት ከ30ዎቹ ቡድኖች እያንዳንዱን አጣርቶ ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ጉግል ሺትስ መገልበጥ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አያቅትም።

ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ረድፍ ይስጡ። የሚያስፈልጉት ዓምዶች እነዚህ ናቸው፦ የካርዱ መለያ ቁጥር፣ የተጫዋቹ ስም፣ ቡድን፣ የካርዱ ቤተሰብ (ማለትም የወጣበት ተከታታይ ስም)፣ ዋና የመጫወቻ ቦታ፣ ተጨማሪ ቦታዎች፣ አጠቃላይ ነጥብ፣ ደረጃ። መለያ ቁጥሩን አይዝለሉት። አንድ ካርድ ሁለት ጊዜ መግባቱን የሚያጋልጠው እሱ ብቻ ነው፤ የአንድ ተጫዋች ሁለት ካርዶች በስም፣ በቡድን፣ አልፎ አልፎም በነጥብ ሳይቀር ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ያወረዱበትን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ። ጨዋታው በየዓመቱ በመጋቢት አካባቢ (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ እትም ይወጣል፤ ካለፈው ዓመት እትም ካርድ ወደ አዲሱ አይሻገርም። በአንዱ እትም ውስጥም ቢሆን በመስከረም የተደረገ ቆጠራ በሚያዝያ ከተደረገው ጋር አይገናኝም፤ በመሐሉ ካርድ ሲጨመር ከርሟልና። ቀን የሌለው ቆጠራ ለማንም ማስረጃ አይሆንም።

3. ምርቱን ከገለባው መለየት

ያልተጸዳ ሠንጠረዥ ይዞ ወደ ስሌት መግባት የድካሙን ሁሉ ፍሬ ያሳጣል። የመጀመሪያው ፍተሻ ቀላል ነው፦ የቡድን ስሞችን ብቻ አውጥተው የተለያዩት ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉት፤ 15ቱ በአሜሪካን ሊግ፣ 15ቱ በናሽናል ሊግ። ከ30 የሚበልጥ ቁጥር ካገኙ ምክንያቱን ሳያውቁ አይለፉ። እኛ በመጀመሪያው ዙር 31 አገኘን፤ አንደኛው ቡድን በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ ነበር።

የቡድኖች ስም መለዋወጥ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የክሊቭላንዱ ቡድን ከ2022 ጀምሮ ጋርዲያንስ ተብሏል። አትሌቲክስ በፊላደልፊያ ተመሥርቶ በ1955 ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ በ1968 ወደ ኦክላንድ ሄደ፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ በዌስት ሳክራሜንቶ እየተጫወተ የከተማ ስም ሳያስቀድም «አትሌቲክስ» ብቻ ይባላል። ብሬቭስ ከቦስተን በ1953 ወደ ሚልዋኪ፣ በ1966 ወደ አትላንታ ተዛውሯል። የሃንክ አሮን ካርድ ሲገጥምዎት ሚልዋኪ የሚለውን ቃል ብቻ አይተው ለብሩወርስ አይስጡት። አሮን ከ1954 እስከ 1974 የብሬቭስ ተጫዋች ነበር፤ ለብሩወርስ የተጫወተው በ1975ና በ1976 ብቻ ነው።

እኔ ባለሁበት አካባቢ ነገሩ ከሁሉም ይጠላለፋል፤ የዋሽንግተን ከተማ የሦስት የተለያዩ ቡድኖች ታሪክ አላትና። የመጀመሪያው የዋሽንግተን ሴናተርስ በ1961 ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ዛሬ ትዊንስ ሆኗል። በእግሩ የተተካው ሁለተኛው ሴናተርስ በ1972 ወደ ቴክሳስ ሄዶ ሬንጀርስ ተብሏል። የዛሬው ናሽናልስ ደግሞ በ1969 በሞንትሪያል ኤክስፖስ ተብሎ ተመሥርቶ በ2005 ወደ ዋሽንግተን የመጣ ነው። እንግዲህ ከ1907 እስከ 1927 ለዋሽንግተን የወረወረውና 417 ድል ያስመዘገበው ዋልተር ጆንሰን የማን ነው? በከተማ ከሄድን የእኛ ነው፤ በቡድን የዘር ሐረግ ከሄድን የሚኒሶታ ነው። ከተማዋ በ1924 ያነሳችው የወርልድ ሲሪስ (የሜጀር ሊግ ፍጻሜ) ዋንጫም የሚጻፈው በትዊንስ ሐረግ ነው።

የእኔ ምክር የዘር ሐረግን መከተል ነው፤ ጨዋታው ካርዱን በየትኛው ቡድን ስም እንዳስገባው ደግሞ ለብቻው ያስተያዩ። ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳይመስልዎት። ኤክስፖስን ከናሽናልስ ጋር የሚቆጥር ሰው ጋሪ ካርተርን፣ አንድሬ ዳውሰንንና ቲም ሬይንስን ያገኛል፤ ሦስቱም የኤክስፖስን ኮፍያ አድርገው ኩፐርስታውን ባለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ የገቡ ናቸው። ኤክስፖስን ለይቶ የሚቆጥር ሰው ግን በናሽናልስ ኮፍያ ወደዚያ አዳራሽ የገባ አንድም ሰው አያገኝም። ያው ቡድን በአንዱ ውሳኔ ባለ ታሪክ፣ በሌላው ባዶ እጁን ይሆናል። የመረጡትን መንገድ በሠንጠረዡ አናት ላይ ይጻፉና እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ።

ከ30ዎቹ የማይገቡ ካርዶችም አሉ። ቡድን የሌላቸው ተጫዋቾች ለብቻቸው ይቀመጡ። የኔግሮ ሊግ ተጫዋቾችን ካርዶች ግን በተለየ ጥንቃቄ ይያዙልኝ። በ2023ቱ እትም ስቱዲዮው ካንሳስ ሲቲ ካለው የኔግሮ ሊግ ቤዝቦል ሙዚየም ጋር ሆኖ የእነ ሳቼል ፔጅንና የእነ ባክ ኦኒልን ታሪክ አስገብቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጆሽ ጊብሰንና ሌሎች ተከትለዋል። እነዚህ ሰዎች በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከሜጀር ሊግ ተከልክለው ለሞናርክስና ለግሬይስ የተጫወቱ ናቸው። ሠንጠረዥ እንዲሞላ ሲባል ለዛሬ ቡድን ማከፋፈል ታሪካቸውን መግፈፍ ነው። የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው። ሜጀር ሊግ ራሱ በ2020 መጨረሻ እነዚያን ሊጎች ከዋናዎቹ ሊጎች እኩል ናቸው ብሎ ተቀብሏል፤ በ2024 ደግሞ ውጤታቸውን ወደ መዝገቡ ሲያስገባ ጊብሰን በ.372 የመምታት አማካይ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። የጊብሰን ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስ ብዙ ጨዋታዎቹን ያደረገው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ዛሬ በቦታው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። በዩ ስትሪት የእኛን ሰዎች ምግብ ቤቶች የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያው ስንት ጊዜ አልፏል!

4. ካርድ መቁጠር ወይስ ሰው መቁጠር

ሁዋን ሶቶን እንውሰድ። በ2018 በናሽናልስ ጀመረ፤ በ2019 በወርልድ ሲሪስ ሂዩስተንን በሰባት ጨዋታ ያሸነፈው የዋሽንግተን ቡድን አባል ነበር፤ በነሐሴ 2022 ለፓድሬስ ተሰጠ፤ በ2024 ለያንኪስ፣ ከ2025 ጀምሮ ለሜትስ ተጫወተ። አንድ ሰው በአራት ማልያ ማለት ነው። የአራቱም ቡድን ደጋፊ «የእኔ» የሚለው ካርድ ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። ኖላን ራያንም ለሜትስ፣ ለኤንጀልስ፣ ለአስትሮስና ለሬንጀርስ ወርውሯል። ስቱዲዮው የትኛውን ዘመኑን እንደሚያወጣ ሲመርጥ ለየትኛው ከተማ ካርድ እንደሚሰጥም አብሮ እየመረጠ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቆጠራ ያድርጉ። በመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ቡድን የካርዶቹን ብዛት ይቁጠሩ። በሁለተኛው የቡድኑንና የተጫዋቹን ስም አጣምረው አንድ ጥምር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር ያድርጉ። በሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ውስጥ «ፒቮት ቴብል» የሚባለው መሣሪያ ሁለቱንም ይሠራል። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው ያካፍሉ። ውጤቱ ለአንድ ሰው በአማካይ ስንት ካርድ እንደወጣ ያሳያል። ይህ ቁጥር ከሌሎች ቡድኖች ጎልቶ ከፍ ያለበት ቡድን ብዛቱ በጥቂት ኮከቦች መደጋገም የመጣ ነው።

5. ክምሩን መከፋፈል

የአቤቱታው እውነትና ሐሰት የሚለየው እዚህ ነው። ሁሉንም ካርድ በአንድ ክምር ላይ አፍስሶ በአንድ ቁና መስፈር ትክክል አይደለም፤ እያንዳንዱ የካርድ ቤተሰብ የራሱ የመከፋፈያ ሕግ አለውና።

«ላይቭ ሲሪስ» የሚባሉት በዚህ ዓመት በሜዳ ላይ ያሉትን ተጫዋቾች የሚወክሉ ካርዶች ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን 26 ሰዎች ያሉት የጨዋታ ስም ዝርዝር ስላለው እዚህ የካርዱ ብዛት በቡድኖች መካከል ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከፍተኛ ልዩነት ካዩ መጀመሪያ የራስዎን ሠንጠረዥ ይጠርጥሩ። የካርዶቹ ነጥብ ግን በእውነተኛው ውጤት ከፍና ዝቅ ስለሚል የዳይመንዶች ብዛት እኩል እንዲሆን መጠበቅ አይገባም። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 በ121 ጨዋታዎች ተሸንፏል፤ ከ1901 ወዲህ በአንድ ዓመት ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን የለም። በዚያ ዓመት የዋይት ሶክስ ላይቭ ካርዶች ከዶጀርስ እኩል ቢያበሩ ኖሮ የሚያስደነግጠው ያ ነበር።

የኦል ስታር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች የሚገናኙበት ጨዋታ) ካርዶች ደግሞ ከታች ወለል አላቸው፤ በእውነተኛው የኦል ስታር ጨዋታ ሕግ ከ30ዎቹ ቡድኖች እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ተጫዋች ይወከልለታል። ያንን ምርጫ የሚከተል ካርድ ለሁሉም ይደርሳል። የጥሎ ማለፍ ወቅት ካርዶች ተቃራኒ ናቸው። ከ2022 ጀምሮ ወደዚያ ደረጃ የሚያልፉት 12 ቡድኖች ብቻ ስለሆኑ ያንን ወቅት ብቻ በሚከተል ካርድ 18ቱ ቡድኖች ምንም አያገኙም። ጥቅምት ላይ «ረሱን» የሚለው ጩኸት የሚበረታው ለዚህ ነው። ይህ የስቱዲዮው አድልዎ ሳይሆን የሜዳው ውጤት ነው።

ስቱዲዮው በራሱ ፈቃድ የሚመርጠው የቀድሞ ዘመን ኮከቦችንና የቆዩ ብቃቶችን የሚያስታውሱ ካርዶችን ነው። የፍትሕ ጥያቄ የሚነሳው በዋናነት በዚህ ክምር ላይ ነው። እኔ ጊዜ ቢያጥረኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ብቻ እቆጥር ነበር።

6. ልዩነቱን በቁጥር መግለጽ

አሁን ወደ ስሌት እንግባ። ዘዴው እንዲታይ ለምሳሌ ብቻ የፈጠርኩት አንድ ምድብ ይኸውና። አምስት ቡድኖች በድምሩ 60 ካርዶች አላቸው፤ ክፍፍላቸው 20፣ 13፣ 11፣ 9 እና 7 ነው። እኩል ቢሆን ለእያንዳንዱ 12 ይደርሰው ነበር።

የመጀመሪያው መለኪያ የጂኒ ቁጥር ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የሀብት ክፍፍልን የሚለኩበት ይኸው ራሱ ነው፤ 0 ማለት ፍጹም እኩልነት ሲሆን ወደ 1 በቀረበ መጠን ሁሉም በአንድ እጅ እየተሰበሰበ ይሄዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩ፦ 7፣ 9፣ 11፣ 13፣ 20። እያንዳንዱን በተራ ቁጥሩ ያባዙና ይደምሩ፦ 7 ሲደመር 18፣ 33፣ 52 እና 100፤ ድምሩ 210 ነው። በ2 ያባዙት፤ 420 ይሆናል። ይህን የቡድኖች ብዛት በካርዶች ድምር ተባዝቶ ለሚገኘው ለ300 ያካፍሉ፤ 1.40 ይመጣል። በመጨረሻ የቡድኖቹን ብዛት በ1 ጨምረው ለብዛቱ ያካፍሉና ይቀንሱ፤ እዚህ 6 ለ5፣ ማለትም 1.20 ነው። ቀሪው 0.20 ነው። ለ30 ቡድኖች ሲሠሩ የሚቀንሱት 31 ለ30፣ ማለትም ወደ 1.033 ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛው መለኪያ ካይ ስኩዌር ነው። ይህ የሚመልሰው ጥያቄ «ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይ?» የሚለውን ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን ቁጥር ላይ የሚጠበቀውን ይቀንሱ፣ ውጤቱን በራሱ ያባዙ፣ ለሚጠበቀው ያካፍሉ፣ ሁሉንም ይደምሩ። በምሳሌያችን ልዩነቶቹ 8፣ 1፣ 1፣ 3 እና 5 ናቸው፤ በራሳቸው ሲባዙ 64፣ 1፣ 1፣ 9 እና 25፤ ድምራቸው 100። ለ12 ሲካፈል 8.33 ይሆናል። ለአምስት ቡድኖች በተለመደው የአምስት በመቶ ወሰን መታለፍ ያለበት ቁጥር 9.49 ነው። አላለፈም። ስለዚህ አንደኛው 20፣ ሌላኛው 7 ቢሆንም በዚህ ብቻ «አድልዎ ነው» ማለት አይቻልም።

አሁን ካርዶቹ ሁሉ እጥፍ ይሁኑ፦ 40፣ 26፣ 22፣ 18 እና 14። የጂኒ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ አሁንም 0.20 ነው። ካይ ስኩዌሩ ግን 16.67 ሆኖ ወሰኑን በእጅጉ ያልፋል። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ሲደርስ «እንዴት?» ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በጥቂት ካርዶች ላይ የታየ ልዩነት የዕድል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ያው ልዩነት በብዙ ካርዶች ላይ ሲጸና ግን ከዕድል ያለፈ ነገር አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የማስቀምጠው ለዚህ ነው። ጂኒ ክፍተቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ሲነግር፣ ካይ ስኩዌር ክፍተቱን ማመን ይኖርብን እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግራል። ለሙሉዎቹ 30 ቡድኖች ወሰኑ 42.56 ነው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ፈተና እያንዳንዱ ቆጠራ ከሌላው ተነጥሎ ይቆማል ብሎ ነው የሚነሣው። የአንድ ኮከብ አምስት ካርዶች ግን አንዱ ሌላውን ስበው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ካይ ስኩዌርን በካርዶች ላይ ሳይሆን በአራተኛው ደረጃ ባወጡት የሰዎች ቁጥር ላይ ይሥሩት። ያኔም ቢሆን ውጤቱን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አይያዙት።

7. ቁናው የትኛው ነው?

እስካሁን «የሚጠበቀው» ያልነው ለሁሉም እኩል ድርሻ ነበር። ለቀድሞ ዘመን ኮከቦች ግን ይህ ቁና ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ካብስ ከ1876 ጀምሮ በናሽናል ሊግ አለ፤ ታምፓ ቤይ ሬይስና አሪዞና ዳይመንድባክስ የጀመሩት በ1998 ነው። 150 ዓመት የተጫወተና 28 ዓመት የተጫወተ ቡድን እኩል የጀግና ብዛት ሊኖራቸው አይችልም። በሬይስ ኮፍያ ወደ ክብር አዳራሹ የገባ ሰው እስካሁን የለም።

ስለዚህ ሁለተኛ ቁና ያዘጋጁ፦ የዕድሜ ቁና። እኔ ሁለቱም ሊጎች ጎን ለጎን ከቆሙበት ከ1901 ጀምሬ እስከ 2025 እያንዳንዱ ቡድን የተጫወተባቸውን ዓመታት ደመርኩ። ከነባሮቹ 16 ቡድኖች 15ቱ 125 ዓመት ሲኖራቸው፣ ያንኪስን በኒው ዮርክ ከጀመረበት ከ1903 ስለቆጠርኩት 123 አለው። ኤንጀልስና ሬንጀርስ 65፣ ሜትስና አስትሮስ 64፣ ሮያልስ፣ ፓድሬስ፣ ብሩወርስና ናሽናልስ 57፣ ብሉ ጄይስና ማሪነርስ 49፣ ሮኪስና ማርሊንስ 33፣ ዳይመንድባክስና ሬይስ 28 አላቸው። ጠቅላላ ድምሩ 2,704 ነው።

በዚህ ቁና የአንድ ነባር ቡድን ድርሻ 4.6 በመቶ፣ የናሽናልስ 2.1 በመቶ፣ የሬይስ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የእኩልነቱ ድርሻ ግን ለሁሉም 3.3 በመቶ ነበር። በጨዋታው 600 የቀድሞ ኮከቦች ካርድ አለ ብለን ብናስብ በእኩልነት ቁና ለናሽናልስ 20 ይጠበቅ የነበረው በዕድሜ ቁና ወደ 13 ይወርዳል፤ ለሬይስ ወደ 6። የእርስዎ ቡድን በመጀመሪያው ቁና ጎድሎ በሁለተኛው ከሞላ፣ የተበደለ ሳይሆን ወጣት ነው። በሁለቱም ከጎደለ አቤቱታዎ መሬት የያዘ ነው። ካይ ስኩዌሩን በዕድሜ ቁና ሲደግሙት ለእያንዳንዱ ቡድን የሚጠበቀው ቁጥር የራሱ ድርሻ መሆኑን ብቻ አይርሱ።

በዋንጫ ብዛት እንስፈር የሚሉም አሉ። ያንኪስ 27 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሲያትል ማሪነርስ ለፍጻሜው ውድድር እንኳን ደርሶ አያውቅም። በዋንጫ ከሰፈርን ኬን ግሪፊ ጁኒየርን ያፈራ ቡድን ምንም አይገባውም ልንል ነው። ይህን ቁና አልቀበለውም።

8. ቀዳዳውን መፈለግ

ባዶ ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ 30 ረድፍ ለቡድኖች፣ 10 ዓምድ ለቦታዎች። ዓምዶቹ ካቸር፣ አንደኛ ቤዝ፣ ሁለተኛ ቤዝ፣ ሦስተኛ ቤዝ፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው)፣ ግራ ሜዳ፣ መሐል ሜዳ፣ ቀኝ ሜዳ፣ ጀማሪ ወርዋሪና ተተኪ ወርዋሪ ናቸው። በ300ዎቹ ሳጥኖች ውስጥ የካርድ ብዛት ሳይሆን በዚያ ቦታ ላይ ያለውን ከፍተኛ ነጥብ ይጻፉ። ለጀማሪ ወርዋሪ አሰላለፉ አምስት ሰው ስለሚፈልግ የአምስተኛውን ነጥብ ይጻፉ። ከዚያ ነጥቡ 85 ያልደረሰውን ሳጥን ሁሉ ቀይ ይቀቡ።

የቀባነው ሰንጠረዥ ከሁሉም ስሌት በላይ ተናገረ። ብዛት ብቻ የሚያይ ሰው ሦስት ሾርትስቶፕ ያለውን ቡድን ባለጠጋ ይለዋል፤ ቀዩ ሳጥን ግን ካቸር እንደሌለው ያሳያል። ሳጥኑን ሲሞሉ ተጨማሪ ቦታዎችንም ይመልከቱ፤ በሾርትስቶፕነት የተመዘገበ ሰው ሁለተኛ ቤዝም መጫወት ይችል ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ ቀዩ ይጠፋል። ከ2023ቱ እትም ጀምሮ የአንድ ቡድን ካርዶችን አብሮ ለሚያሰልፍ ሰው ብርታት የሚጨምሩ «ካፒቴን» ካርዶች ስለመጡ ቀይ ሳጥን የበዛበት ቡድን ደጋፊ የሚያጣው ከድሮው ይበልጣል።

9. ጥፋተኛ ከመፈለግ በፊት

ካርድ ያልወጣለት ሁሉ አልተረሳም። ዛሬ የሚጫወቱትን ተጫዋቾች ስምና ምስል ለመጠቀም የሚሰጠው ፈቃድ በተጫዋቾች ማኅበር በኩል በጋራ ይገኛል፤ ጡረታ የወጡትን ግን በተለየ መንገድ ማስፈቀድ ይጠይቃል። የታወቀው ምሳሌ ባሪ ቦንድስ ነው። 762 ሆም ራን የመታ፣ የክብረ ወሰኑ ባለቤት ቢሆንም በ2003 ከማኅበሩ የጋራ ፈቃድ ስለወጣ በተከታዮቹ ዓመታት በወጡ የቤዝቦል ጨዋታዎች ውስጥ ስሙ ሊገባ አልቻለም። ከ1986 እስከ 1992 ለፓይሬትስ፣ ከ1993 እስከ 2007 ለጃየንትስ ተጫውቷል። የሁለቱን ቡድኖች ግራ ሜዳ ሲቆጥሩ ይህን ከጎኑ በማስታወሻ ይጻፉ።

10. ውጤቱን ማቅረብ

ለስቱዲዮው አስተያየት የሚልኩ ከሆነ «ቡድኔን ጠላችሁ» ብለው አይጻፉ። ቆጠራው የተደረገበትን ቀን፣ የተከተሉትን የዘር ሐረግ ውሳኔ፣ የቀድሞ ኮከቦችን ክምር በሁለቱም ቁና የተሰፈረ ውጤት፣ ከዚያም ቀይ ሳጥኖቹን በስም ያስቀምጡ። ሊሞላ የሚችል ክፍተት ሲያሳዩ ሰውየውንም ይጥቀሱ፦ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ቦታ፣ ለየትኛው ቡድን እንደተጫወተ። «ካቸር ስጡን» ከሚል ጩኸት ይልቅ «ጋሪ ካርተር ከ1974 እስከ 1984 በሞንትሪያል» የሚለው መስመር ለሚሠራው ሰው ሥራውን ያቀልለታል።

የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አይሰርዙት። የቡድኖች የተጫዋች ልውውጥ የሚዘጋው በጁላይ መጨረሻ አካባቢ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የላይቭ ሲሪስ ካርዶች ልክ እንደ ሶቶ በ2022 የቡድን ስማቸውን ይቀይራሉ። እኔና የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ቅጂ የምናወርደው ልውውጡ ተዘግቶ የስም ዝርዝሮቹ በጨዋታው ውስጥ ከታደሱ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው፤ ቀይ ቀለሙን የሚቀባው እሱ ነው።